የተለጠፈ ንጋት፦ ስለ ተስፋ ግጥሞቻችን አንድ ሂስ

ሐያሲ ነኝ የሚል ሰው የሌላውን ጉድፍ ከመልቀሙ በፊት የራሱን ቢያይ ደግ ነው። እኛም የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ስለ ተስፋ ግጥሞች ሂስ ለማቅረብ ስንነሣ መጀመሪያ የምናቀርበው ራሳችንን ነው። ጥፋቱ የኛ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሴሚስተር ከአንድ ጓደኛችን ግጥም ደረሰን። ስሙን አንጠራም። ግጥሙ ሃያ መስመር ያህል ነበር። አባቱ የሞቱበት ልጅ ከቀብር መልስ ወደ ዶርሙ ይገባል። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ይላል። የአባቱን የእጅ ሰዓት ከኪሱ ያወጣል። ሰዓቱ ቆሟል። ልጁ ሊሞላው ይፈልጋል፤ ጣቱ ግን እምቢ ይለዋል። በመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ላይ ልጁ እግዚአብሔርን አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። መልስ የለም። ግጥሙ እዚያው ላይ ያልቃል።

እኛ ተሰብስበን አነበብነው። «ጥሩ ነው» አልን። ቤት አመታቱን፣ ስንኙን፣ የቃል ምርጫውን አደነቅን። ከዚያ አንዳችን «ግን ትንሽ ጨለምተኛ አይመስላችሁም?» አለ። ሁላችንም መሰለን። በቀይ እስክሪብቶ «መደምደሚያው ላይ ተስፋ ይጨመርበት» ብለን ጽፈን መለስንለት። ጓደኛችን ሰው አክባሪ ነው፤ አልተከራከረንም። በሦስተኛው ቀን አራት መስመር ጨምሮ አመጣ። ዶሮ ጮኸ፣ ጎሕ ቀደደ፣ ፀሐይ ወጣች፣ ፈጣሪ እንባውን አበሰለት። ስቴንስል ላይ አስተየብነው፣ አባዛነው፣ በግጥም ምሽታችንም አስነበብነው። ጭብጨባው ቀላል አልነበረም። ጓደኛችን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ነበር፤ አላጨበጨበም። ፈተና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የዊዝድሮዋል ፎርም ሞልቶ ወደ አገሩ ሄደ።

የኛ ቀይ እስክሪብቶ ነው ያባረረው አንልም። እንዲህ ብንል ራሳችንን ከሚገባው በላይ ማክበር ይሆናል። ነገር ግን አንድ ሰው ያለበትን ሁኔታ በግልጽ ሲነግረን እኛ የመለስንለት «መደምደሚያውን አሳምር» የሚል ነበር። ይህን መካድ አንችልም።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው፦ ያን ያህል ተማምነን የጠየቅነው «ተስፋ» ምንድን ነው? በተለይም ከመካከላችን ብዙዎቹ «ክርስቲያን ተስፋ አይቆርጥም» በሚል እምነት ስለጠየቅን፣ የክርስትና ታላላቅ ጽሑፎች ራሳቸው ተስፋን እንዴት ይጽፉታል? መጨረሻ ላይ ይለጥፉታል ወይ?

በቅድሚያ «ጨለምተኛ» ስለሚለው ቃል ጥቂት እንበል። በደርግ ዘመን ይህ ቃል በሥነ ጽሑፍ ሂስ ውስጥ እንደ ድንጋይ ይወረወር ነበር። ድርሰት ብሩሁን መጪ ጊዜ ማሳየት አለበት፣ ገጸ ባሕርይ ቢወድቅም መነሣት አለበት፣ ልብ ወለድ በትግል ጀምሮ በድል ማለቅ አለበት የሚል መመሪያ ነበረ። መመሪያው ከዘመኑ ጋር አለፈ። ቃሉ ግን አላለፈም፤ ቤት ቀይሮ እኛ ዘንድ ገባ። ዛሬ የምንጠቀምበት ሌላ ምክንያት ሰጥተነው ነው። ያኔ «ሕዝቡን ተስፋ ያስቆርጣል» ይባል ነበር፤ ዛሬ «እምነት ማጣት ነው» እንላለን። ሁለቱ ወገኖች በሌላው ነገር ሁሉ ቢጣሉም በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፤ ሁለቱም ሰው አልቅሶ ሳይጨርስ እንዲስቅ ይፈልጋሉ።

ውጤቱን በየግጥም ምሽቱ እያየን ነው። አብዛኞቹ የሚደርሱን የተስፋ ግጥሞች ከአንድ ቅርጽ የወጡ ይመስላሉ። ሦስት አንጓ ችግር፣ አንድ አንጓ መፍትሔ። በሦስቱ አንጓዎች ሌሊት ነው፣ ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው። በአራተኛው ድንገት ይነጋል። ማን እንዳነጋው፣ በምን እንደነጋ አይነገርም። «ያልፋል» የሚል ስንኝ ሲመጣ «ያርፋል» እንደሚከተል አድማጩ አስቀድሞ ያውቀዋል። አገራችን «ሊነጋ ሲል ይጨልማል» ትላለች። ተረቱ ሁለቱንም ይዟል፤ ጨለማውንም አልሸሸገም። የኛ ገጣሚዎች ግን ጨለማውን ቶሎ ቶሎ ብለው አልፈው ንጋቱ ላይ ይቆማሉ። እኛም እናጨበጭባለን። ከዚያ ሰዉ ወደ ዶርሙ ይገባል፤ ዶርሙ ውስጥ አሁንም አልነጋም።

አሁን ወደ ጽሑፎቹ እንሂድ። መጀመሪያ ያነበብነው ሰቆቃወ ኤርምያስን ነው። እንደ ሃይማኖት መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን እንደ ግጥም።

መጽሐፉ የተወለደው ከአንድ የታወቀ ጥፋት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ587 ወይም በ586 ዓመት የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን ከበባ አስርቦ ወሰዳት፤ ቤተ መቅደሱ ተቃጠለ፣ ሕዝቡ ተማረከ። ከዚያ ፍርስራሽ ውስጥ አምስት የልቅሶ ግጥሞች ወጡ። ትውፊት ለነቢዩ ኤርምያስ ይሰጣቸዋል፤ የዕብራይስጡ ቅጂ ግን የደራሲ ስም አይጠራም።

ቅርጹ የሚያስደንቅ ነው። ዳዊት የደገመ ሰው በመዝሙር 118 ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያለ የሚሄደውን የዕብራይስጥ ፊደል ስም ያውቃል። የመጀመሪያዎቹ አራት ሰቆቃዎችም በዕብራይስጡ እንዲሁ በፊደል ተራ የተደረደሩ ናቸው። ፊደሉ 22 ስለሆነ አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ምዕራፍ 22 ቁጥር አላቸው። ሦስተኛው ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ሦስት ሰጥቶ 66 ይሆናል። አምስተኛው ቁጥሩ 22 ነው፤ የፊደል ተራው ግን ጠፍቷል፤ መስመሮቹም አጥረዋል። ለቅሶው እየቆየ ሲሄድ ድምፁ እንደሚደክም ሰው ነው። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ከተማው ተቃጥሎ፣ ልጆች በየመንገዱ በረሃብ እየወደቁ፣ ፊደል የሚቆጥር ገጣሚ ምን ዓይነት ሰው ነው? ለኛ እንደመሰለን ይህ ሰው ኀዘኑን ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ሳያጎድል ሊናገር የቆረጠ ነው። «አሁን በቃህ» የሚለው ሐያሲ አልነበረበትም።

ተስፋው የት አለ? አለ፤ እንዲያውም ከመጽሐፍ ቅዱስ የተስፋ ቃሎች ሁሉ ብዙ ጊዜ ከሚጠቀሱት አንዱ እዚህ ነው። ግን የተቀመጠበትን ቦታ ተመልከቱ። ከአምስቱ ግጥሞች በሦስተኛው፣ እሱም መካከል ገደማ ላይ ነው። ከሱ በፊት ተናጋሪው በጨለማ መወሰዱን፣ በቅጥር መታጠሩን፣ ጸሎቱ እንደተዘጋበት፣ ጥርሱ በጠጠር እንደተሰበረ ይናገራል። ከዚያ አንድ ነገር ወደ ልቡ ይመልሳል፤ የእግዚአብሔር ምሕረት አለማለቁን፣ በየማለዳውም አዲስ መሆኑን ያስባል። «ያስባል» የሚለው ቃል ላይ አስምሩበት። ከተማው አልተሠራም። ምርኮኛው አልተመለሰም። የተለወጠ ነገር የለም፤ ሰውዬው የሚያውቀውን ነገር አስታወሰ እንጂ።

ማለዳውንም ተመልከቱ። እኛ በቀይ እስክሪብቶ ያዘዝነው ማለዳ አንድ ጊዜ መጥቶ ሌሊትን ለዘላለም የሚያባርር ነበር። የሰቆቃው ማለዳ ግን በየቀኑ የሚመጣ ነው። በየቀኑ የሚመጣ ማለዳ በየቀኑ ሌሊት እንዳለም ያውቃል። ለዛሬ የሚበቃ ምሕረት አለ፤ ለነገው ነገ ይመጣል ማለቱ ነው። ይህ ከኛ ፀሐይ በጣም ያነሰ ይመስላል። ነገር ግን ኪሱ ውስጥ የቆመ ሰዓት ለያዘ ሰው የትኛው ይጠቅማል?

ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ለኛ ለአዘጋጆች ትልቅ ትምህርት ነው። ግጥሙ ተስፋው ላይ አይቆምም። እዚያው ሦስተኛው ምዕራፍ ውስጥ ወደ እንባው ይመለሳል፤ ጸሎት እንዳያልፍ ደመና እንደ ተጋረደ ይናገራል። አራተኛው ምዕራፍ እንደገና ረሃቡን ይዘረዝራል። የአምስተኛው ምዕራፍ የመጨረሻ ቁጥር እግዚአብሔር ፈጽሞ ትቶን ይሆን የሚል ሥጋት ነው። መጽሐፉ በዚህ ያልቃል! የኛ ኮሚቴ ቢያገኘው ኖሮ በእርግጥ «ይሻሻል» ብሎ ይመልሰው ነበር።

አይሁድ አባቶችም ይህ መደምደሚያ ከብዷቸዋል። ምን አደረጉ ቢባል፣ በምኩራብ ሲነበብ የመጨረሻው ቁጥር ካለቀ በኋላ ከሱ በፊት ያለውን፣ «ወደ አንተ መልሰን» የሚል መንፈስ ያለውን የልመና ቁጥር ደግመው ማንበብን ልማድ አደረጉ። ልዩነቱን አያችሁ? አዲስ መስመር አልጨመሩም። ደራሲው ያላለውን አላስባሉትም። ከራሱ ጩኸት ውስጥ ያለውን ልመና አንሥተው አብረውት ደገሙለት። እኛስ? ለጓደኛችን ግጥም ዶሮ አስጮህንበት።

የኛ ሕዝብ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። ሁላችንም ለቅሶ ቤት አይተን ያደግን ነን። ለቀስተኛው ከበር ጀምሮ ድምፁን ያሰማል። አልቃሿ ሙሾዋን ታወርዳለች፤ የሟቹን ሥራ፣ መልክ፣ ጠባይ በስም እየጠራች ታነሣለች። ማንም መጥቶ «ሙሾሽ ጨለምተኛ ነው» አይላትም። በኋላ ሽማግሌ ተነሥቶ «በቃችሁ» ይላል፤ ለፊት መታጠቢያ ውሃ ይመጣል፤ ሰው ቁጭ ይላል። ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል፣ እድርተኛው ድንኳኑን ይተክላል። «እግዜር ያጥናችሁ» የምትለው ቃል አጭር ናት፤ የምትባለውም ከተቀመጡ በኋላ፣ ሲነሡ ነው። ክብደቷን የሰጣት መቀመጡ ነው። ለቅሶውም በሷ አያልቅም፤ ሣልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። እንግዲህ የገበሬ አያቶቻችን በለቅሶ ቤት የሚያውቁትን እኛ ዩኒቨርስቲ ገብተን በግጥም ምሽት ረሳነው ማለት ነው። የግእዝ ሊቃውንቶቻችንም አልረሱትም። ሰቆቃወ ድንግል የተባለው ድርሰት እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን መከራ የሚያለቅስ ሲሆን፣ የሚዜመው በወርኃ ጽጌ፣ አገሩ በአበባ በተሸፈነበት ወቅት ነው። አበባውና ለቅሶው ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አንዱ ሌላውን አያባርርም።

ስለ አጽናኞች ከተነሣ የኢዮብን ወዳጆች ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር መጀመሪያ ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ዝም ብለው ተቀመጡ። እስከዚህ ድረስ ግሩም ወዳጆች ነበሩ። አፋቸውን ሲከፍቱ ነው ነገሩ የተበላሸው። የተናገሩት ሁሉ ሃይማኖተኛ ነው፤ ነጥለው ቢያነቡት ብዙው ያስደስታል። ኢዮብ ግን ይጮሃል፣ ይከስሳል፣ መልስ ይጠይቃል። መጽሐፉ ሲያልቅ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ላይ ነው? በወዳጆቹ ላይ። ስለ እግዚአብሔር ቅን ነገር የተናገረው ኢዮብ መሆኑ ይመሰከርለታል። እኛ ይህን ስናነብ ወንበራችን ላይ ተቁነጥንጠናል። ከሦስቱ ወዳጆች ጋር አንድ ኮሚቴ ነበርንና።

«ይህ ሁሉ ብሉይ ኪዳን ነው፤ ከትንሣኤ በኋላስ?» የሚል አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ወደ አንድ ሙሉ በሙሉ ክርስቲያናዊ ወደሆነ ልብ ወለድ እንሻገር። የእንግሊዙ ጆን ቡንያን በ1678 ያሳተመው፣ «ዘ ፒልግሪምስ ፕሮግረስ» በሚል ስሙ የሚታወቀው የመንገደኛው ታሪክ ነው። (በዚህ ክፍል ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቡንያን በ1628 በቤድፎርድ አጠገብ የተወለደ፣ ድስትና ብረት ዕቃ እየጠገነ የሚተዳደር ደሀ ነበር። ያለ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ፈቃድ ትሰብካለህ ተብሎ በ1660 ታሠረ፤ እስከ 1672 አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ወህኒ ቆየ። «ከእንግዲህ አልሰብክም» ቢል ይፈታ ነበር፤ አላለም። ውጭ ዓይነ ስውር ሴት ልጅ ነበረችው። እስር ቤት ውስጥ የጫማ ማሰሪያ እየሠራ ቤተሰቡን ይረዳ ነበር። ስለ ተስፋ የጻፈው እንግዲህ በድሎት ተቀምጦ አይደለም።

ታሪኩ ክርስቲያን የተባለ ሰው ሸክም ተሸክሞ ከጥፋት ከተማ ወደ ሰማያዊት ከተማ የሚያደርገው ጉዞ ነው። ገና ሲጀምር የተስፋ መቁረጥ ማጥ ውስጥ ይገባል። አብሮት የነበረው ጓደኛ ተናዶ፣ በራሱ ቤት በኩል ባለው ዳር ወጥቶ ጥሎት ይሄዳል። ቡንያን ስለዚህ ማጥ የሚለው ነገር አለ፤ እኛን ክፉኛ ነክቶናል። የንጉሡ ሠራተኞች ማጡን ለማድረቅ ብዙ ዘመን ደክመዋል። ከሃያ ሺህ ጋሪ የማያንስ መልካም መልካም ምክር ተጭኖ መጥቶ ተደፍቶበታል። ማጡ ግን ሁሉን ዋጠው፤ አልደረቀም። ወገኖቼ፣ በአገራችን «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለህ መከራ ይምከረው» ይባላል። ቡንያን የሚናገረው ግን መከራው ቀድሞ ስለመጣበት ሰው ነው። እንዲህ ላለው ሰው ምክር ሲደፋበት ማጡ ይሰፋል እንጂ አይጠብም። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» የሚለውም ከዚህ አይርቅም፤ የኛ ምሳር የጥቅስ ምሳር ነው። ክርስቲያን ከማጡ የወጣው በምክር አልነበረም። ረዳት የሚባል ሰው መጥቶ እጁን ይዞ ጎተተው። በማጡ ውስጥ መርገጫ ድንጋዮችም ነበሩ፤ የዞረበት ሰው ግን አያያቸውም።

የታሪኩ እምብርት ወደ ኋላ ነው። ክርስቲያንና ባለተስፋ የተባለው ጓደኛው መንገዱ እግራቸውን ሲልጠው አቋራጭ መስክ ያያሉ፤ ይወጣሉ፤ ይመሽባቸዋል፤ በሌላ ሰው መሬት ላይ ተኝተው ይገኛሉ። የያዛቸው ተስፋ መቁረጥ የሚባል ግዙፍ ፍጡር ነው፤ ወስዶ የጥርጣሬ ግንብ ምድር ቤት ውስጥ ይቆልፍባቸዋል። ከረቡዕ ጧት እስከ ቅዳሜ ሌሊት ያለ እህል፣ ያለ ውሃ፣ ያለ ብርሃን ይቆያሉ። ግዙፉ በቆመጥ ይደበድባቸዋል፤ ከዚያም ራሳችሁን ብታጠፉ ይሻላችኋል ብሎ ይመክራቸዋል። ክርስቲያን፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ ልቡ ወደዚህ ምክር ያዘነብላል። ቡንያን ይህን አልደበቀውም። ቀይ እስክሪብቶ የያዘ አልነበረማ!

ባለተስፋ ምን ብሎ ያቆየዋል? ትልቅ ስብከት አይሰብክለትም። አብረው ያለፉበትን አንድ በአንድ ያስታውሰዋል። ደግሞ በጣም ትንንሽ ነገሮችን ይነግረዋል፤ ግዙፉ ምናልባት አንድ ቀን በሩን መቆለፍ ይረሳ ይሆናል፣ ምናልባት ያ የሚጥለው ሕመም ይነሣበት ይሆናል፣ እስቲ ትንሽ እንቆይ ይለዋል። ከዚህ የተሻለ የተስፋ ገለጻ በልብ ወለድ ማግኘታችንን እንጠራጠራለን። «ይነጋል» አላለም። «እስቲ ትንሽ አብረን እንቆይ» ነው ያለው።

ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ላይ መጸለይ ጀምረው እስከ ንጋት ድረስ ይጸልያሉ። ሊነጋ ሲል ክርስቲያን ከደረቱ ውስጥ የተስፋ ቃል የሚባል ቁልፍ እንዳለው ትዝ ይለዋል። ራሱን ጅል ብሎ ይሰድባል። ከፍተው ይወጣሉ። ከመካከላችን አንዱ እዚህ ላይ «ይሄም እኮ የተለጠፈ ንጋት ነው፤ ቁልፉ ከየት መጣ?» ብሎ ተከራክሯል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ቁልፉ በጣም ቀለለ የሚያሰኝ ነገር አለው። የሌሎቻችን መልስ ግን ይህ ነው። አንደኛ፣ ቁልፉ ከውጭ አልተወረወረም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ደረቱ ላይ ነበር፤ እንደ ሰቆቃው ተናጋሪ አስታወሰው። ሁለተኛ፣ የውጭው የብረት በር ቁልፍ በቀላሉ አልዞረም፤ እጅግ ከብዶ ነው የተከፈተው። ሦስተኛውና ዋናው፣ ታሪኩ እዚያ አላለቀም። ሰማያዊት ከተማ ደጃፍ ላይ ያለውን ወንዝ ሲሻገሩ ክርስቲያን እንደገና ይሰጥማል፣ እንደገና ተስፋ ይቆርጣል፤ ያን ሁሉ አይቶ! ባለተስፋ ራሱን ከውሃው በላይ ደግፎ ይይዘዋል። እንግዲህ በቡንያን ዘንድ ቁልፉ የአንድ ጊዜ ድል አይደለም፤ ተስፋው የመንገዱ መካከል ላይ ተሰጥቶ እስከ ወንዙ ድረስ የሚያስፈልግ ስንቅ ነው። በ1684 ያሳተመው ሁለተኛ ክፍል ላይ ግዙፉ ተገድሎ ግንቡ ይፈርሳል። ድሉ ደስ ይላል፤ እንደ ሥነ ጽሑፍ ግን ያቺን የቅዳሜ ሌሊት አያክላትም።

አሁን ሁለት ተቃውሞዎችን እንመልስ።

የመጀመሪያው ከወዲያ ማዶ የሚመጣ ነው። «የሃይማኖት ተስፋ ማደንዘዣ ነው፤ ሰውን ካለበት ችግር ዓይኑን ያስጨፍነዋል» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እኛ የለጠፍነውን ንጋት አይተው ከሆነ እውነት አላቸው፤ ያ ማደንዘዣ ነበር። ሰቆቃው ግን ማንን ያደነዝዛል? የተራበውን ልጅ፣ የተቃጠለውን በር፣ የወደቀውን ሽማግሌ እየጠራ ነው የሚሄደው። ከዳዊታችን ጋር በሚደገመው በጸሎተ ነቢያት ውስጥ ያለው ዕንባቆምም የእርሻውንና የበረቱን ኪሳራ አንድ በአንድ ከቆጠረ በኋላ ነው ደስታውን የሚናገረው። ሒሳቡን ያልደበቀ ሰው አልደነዘዘም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከወዲህ ነው። «እንግዲህ ሁላችንም ጨለማ እንጻፍ ነው የምትሉት?» አይደለም። የተለጠፈ ጨለማም አለ። ሲጋራ፣ ዝናብ፣ ባዶ መንገድና የሌላ ሰው ብቸኝነት ተሰብስበው ግጥም የሚመስሉበትን ጊዜ አይተናል። ያም ከተለጠፈው ንጋት አይሻልም፤ ሁለቱም ያልኖሩትን መናገር ናቸው። የደስታ ግጥም የሚጽፍ ሰው ከደስታው ይጻፍ፤ እናጨበጭብለታለን። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ተስፋ ግጥሙ ውስጥ ካለ ከግጥሙ ሰው ልብ ይውጣ፤ ከኮሚቴ አይምጣ።

በመጨረሻ አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። ከመካከላችን ጿሚ አለ፣ ሰጋጅ አለ፣ ምንም የማያምንም አለ፤ በአንድ ነገር ግን ሁላችንም ሰፈራችን ላይ አይተነዋል። ስቅለት ዓርብ ያልፍና ቀዳም ሥዑር ይመጣል። ፋሲካ ገና ነው። ጾሙ አልተፈታም፤ ያከፈለ ሰውማ ከናካቴው እህል አልቀመሰም። በዚያች ቀን ነው ካህናቱ ለምለም ቄጤማ የሚያድሉት፤ ሰዉም ግንባሩ ላይ ያስረዋል። የጥፋት ውሃ መጉደሉን ርግቧ ለኖኅ በቅጠል እንዳበሠረችው ነው ይባላል። እንግዲህ ቄጤማው የታሰረው በራበው ሰው ራስ ላይ ነው። መቃብሩ ገና በተዘጋበት ቀን ነው የታደለው። ቡንያን ስለ ቄጤማችን ሰምቶ አያውቅም፤ ነገር ግን እስረኞቹን ያስጸለየው በዚችው ቅዳሜ ሌሊት ነው። የክርስትና ተስፋ ቦታው ይህ ይመስለናል፤ በዓርብና በእሑድ መካከል፣ በሰቆቃው መካከል፣ በምድር ቤቱ ውስጥ። እሑድን ክርስቲያኖቻችን ያምናሉ። ግጥም የሚጻፈውና ሰው የሚኖረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ላይ ላለ ሰው «እሑድ መስለህ ታይ» ማለት ግፍ ነው። ቄጤማ ማሰር ግን ይቻላል።

ይህን ሁሉ ከጻፍን በኋላ ምን እናድርግ አልን። ጓደኛችን በዚህ ሴሚስተር ተመልሷል። ግጥሙን በመጀመሪያ እንዳመጣው፣ ያለ አራቱ መስመሮች፣ በሚቀጥለው እትማችን ለማውጣት ፈቃዱን ጠየቅነው። ጥቂት አስቦ እሺ አለ። ስለ ሰዓቱ አልጠየቅነውም። ካፌ አብረን ሄደን ሻይ ጠጣን፤ ብዙ ጊዜ ዝም ብለን ተቀመጥን።

ግጥም ለምትልኩልን ሁሉ፦ ከእንግዲህ «ተስፋ ይጨመርበት» የሚል ጽሑፍ ከዚህ ዝግጅት ክፍል አይወጣም። ቤቱ ካልመታ እንነግራችኋለን፤ ቃሉ ካልበሰለ እንነግራችኋለን። ያለቀሰ ግጥም ከደረሰን ግን ቀዩን እስክሪብቶ አስቀምጠን እንመጣለን።